ከዜኒት እስከ እጅ ስልክ፦ የምሥረታችን ዕለት ፎቶግራፎች የት ገቡ?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ዋዜማ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዋዜማ ከፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ዕድሉን ለሰጠን የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የከበረ ምስጋናችንን እናቀርባለን። «እኛ» ስንል አራት ታክሲ ነጂዎች ነን። ሦስታችን በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ እንገኛለን፤ አራተኛው ስልሳን ያለፉ ታላቃችን ናቸው። የተዋወቅነው በናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። ሌላው ሰው በወረፋው ላይ ስለ ፖለቲካ ሲከራከር እኛ ስለ ካሜራ ስንከራከር ተገኘንና «ፎቶ አንሺዎቹ» ተባልን። ፎቶግራፍ ሙያችን አይደለም። ሙያችን መሪ መጨበጥ ነው። ሆኖም በማኅበራችን በዓላት ሁሉ ካሜራ አንግተን ስለምንዞር፣ እናንተም ፎቶግራፉ በእኛ እጅ ነው ብላችሁ ተማምናችሁብናል።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን የዚያን እምነት ሒሳብ ማወራረድ ነው። ከሦስት ወር በፊት ኮሚቴው «ለመጽሔቱ የሚሆን የምሥረታውን ዕለት ፎቶግራፍ አምጡ» አለን። ማኅበሩ በተመሠረተበት ዕለት፣ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ሦስታችን በዲጂታል ካሜራ ከ600 በላይ ፎቶ አንስተን ነበር። ከእነዚያ ከ600 በላይ ፎቶዎች ዛሬ በእጃችን አንድም የለም። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ሳንሸፋፍን እንነግራችኋለን፤ ነገሩን ለመረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ታላቃችንን ሁላችሁም «ጋሽ ዜኒት» እያላችሁ ትጠሯቸዋላችሁ። ስሙ የወጣላቸው ከአባታቸው በወረሱት ካሜራ ምክንያት ነው። ዜኒት ኢ የሚባለው ይህ ካሜራ በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ ይሠራ የነበረ፣ ከሌንሱ ጋር ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ነው። ባትሪ የለውም። የብርሃን መለኪያው የሚሠራው ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ በሚያመነጨው ኃይል ነው፤ የእርሳቸው ከሞተ ብዙ ዘመን ስለሆነው ብርሃኑን በዓይናቸው ይለካሉ። ፍጥነቱ ከሴኮንድ 1/30ኛ እስከ 1/500ኛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሌንሱ ሄሊዮስ የሚባል 58 ሚሊ ሜትር ሲሆን እንደ ጠርሙስ ክዳን በጥርስ ይታሰራል። ይህን ጥርስ አስታውሱልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ዘመን ፊልም የሚያነሣው 36 ነበር። ሠርግ ላይ 36ቱን ማከፋፈል ራሱን የቻለ አስተዳደር ነበር። ለሙሽሮቹ ይህን ያህል፣ ለወላጆች ይህን ያህል፣ ለሚዜዎች ይህን ያህል ተብሎ ይመደባል፤ ከዘመድ አንዱ ሳይነሣ የቀረ እንደሆነ ለዓመታት ይወቀሳል። ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ ማን ዓይኑን እንደጨፈነ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን የታጠበው ፎቶ ቤት ይገባል፤ አልበም ውስጥ ይቀመጣል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከቡናው በፊት ይቀርባል።

ከአራታችን ሁለታችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። በምረቃ ሰሞን የ6 ኪሎ ግቢና አካባቢው በፎቶ አንሺ ይሞላ ነበር። እኛ ግን በ1993 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ በኋላ ትምህርታችንን ሳንጨርስ የወጣን ስለሆንን በጋዋን የተነሣነው ፎቶ የለንም። ያለችን በተማሪ መታወቂያችን ላይ የተለጠፈች ጉርድ ፎቶግራፍ ናት። ኬንያን አቋርጣ፣ ዝናብ ጠጥታ፣ ጠርዟ ተበልቶ እዚህ ደርሳለች። ፊታችን አሁንም ይለያል። ይህን የምንለው ለማዘን አይደለም። እዚህ አገር ገብተን ካነሣናቸው በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች መካከል ያቺን ያህል ዕድሜ ያገኙት ጥቂት መሆናቸውን ለመመስከር ነው።

ወደ ዋሽንግተን ስንመጣ የፊልም ዘመን በመጠናቀቅ ላይ ነበር። የሚገርመው ዲጂታል ካሜራ የተወለደው በፊልም ንጉሥ በኮዳክ ቤት መሆኑ ነው። ስቲቨን ሳሰን የሚባል የኮዳክ መሐንዲስ በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ምስሉ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አንዱን ፎቶ በቴፕ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኮዳክ ግን የሚኖረው ፊልም በመሸጥ ስለነበር በገዛ ልጁ ሊተማመን አልቻለም። በጥር ወር 2012 እ.ኤ.አ. ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ለመጠየቅ በቃ።

በ2003 ካነን፣ በ2004 ደግሞ ኒከን ሌንሱ የሚቀያየር 6 ሜጋፒክሰል ዲጂታል ካሜራ ያለ ሌንስ ከ1,000 ዶላር በታች ለገበያ አቀረቡ። እንደ እኛ ላለ ሰው በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። እኛም ሁለተኛ እጅ እየፈለግን በየተራ ገባንበት። አንዳችን ካነን፣ ሁለታችን ኒከን ሆንን፤ ክርክሩም ያኔ ተጀመረ። ካነን በ1987 የሌንስ ማሰሪያውን ስለቀየረ የቀድሞዎቹ ሌንሶቹ አይገቡም፤ ኒከን ግን በ1959 ያወጣውን ማሰሪያ ይዞ ቆይቷል እያልን የኒከን ወገኖች ስንኩራራ ኖርን። በ2018 ግን ሁለቱም መስታወት የሌለው ካሜራ አወጡና ሁለቱም አዲስ ማሰሪያ አመጡ። አሮጌው ሌንስ የሚገባው በመካከል ሌላ ቀለበት ከተገዛለት ብቻ ሆነ። በዚያ ቀን በወረፋው ላይ ማንም አልተኩራራም።

ከ6 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 24 ሜጋፒክሰል ወጣን። ለምን? እንግዲህ እውነቱን እንናገር። 6 ሜጋፒክሰል ፎቶ በ8 በ10 ኢንች ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ይታተማል፤ ከእኛ መካከል ከዚያ የበለጠ ወረቀት ያሳተመ ደግሞ አልነበረም። ጭራሽ ማሳተሙንም ትተን ነበር። በ900 ዶላር የገዛነውን ካሜራ በአራተኛው ዓመት በ150 ዶላር ሸጠን፣ ልዩነቱን ከሌሊት ሥራ አውጥተን አዲሱን ስንገዛ፣ ሚስቶቻችን «የድሮው ምን ሆነ?» ብለው ሲጠይቁን በቂ መልስ አልነበረንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

በታክሲያችን የመጣውን ለውጥ እኮ እንዲህ በደስታ አልተቀበልነውም! በዋሽንግተን ከተማ በ2008 የዞን ክፍያ ቀርቶ ሜትር ሲገባ፣ የዞኑን ካርታ በቃላችን የያዝነው ሁሉ ከንቱ ሆነብን። በ2013 የካርድ መቀበያ መሣሪያና አዲሱ ቀይ ቀለም መጡ፤ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮም ተሳፋሪው እጁን ማንሣት ትቶ በስልኩ መጥራት ለምዷል። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ዶላር ቆጥረን፣ «ይህ መሣሪያ ለእኛ ምን ያመጣልናል?» ብለን ተሰብስበን ተከራክረናል። ካሜራ ስንገዛ ግን ያንን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳን ጠይቀን አናውቅም። ማንም ሳያስገድደን ወደን ገባንበት።

ይህን ስንል አዲሱን ሁሉ የምንረግም እንዳይመስልባችሁ። አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። እናቶቻችን ነጠላ ለብሰው በተነሡባቸው የድሮ ፎቶዎች ላይ ነጠላው በርቶ ፊታቸው የጠቆረው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ቅናሹ የሚያርፈው በፊት ላይ ነው። በዚያ ላይ በአሜሪካ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ያስተካክሉ የነበረው ሸርሊ የሚል ስም በወጣለት፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። የጥቁር ሰው ቆዳ በመለኪያው ውስጥ አልነበረም። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ፊትን ለይቶ በፊት ላይ ይለካል፤ ስልክ ሠሪዎችም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጠቆረ ቆዳን በእውነተኛ መልኩ ለማውጣት መሥራት ጀምረዋል፤ ለምሳሌ ጉግል በ2021 ባወጣው ስልኩ ላይ ይህንኑ ለይቶ አስተዋውቋል። ባለፈው እንቁጣጣሽ ባነሣነው ፎቶ ላይ የእናቶቻችን ፊትም የነጠላቸው ጥለትም እኩል ይታያሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሮጌ ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ነጠላ የለበሰ ሰው ስታነሡ ብርሃኑን ካሜራው ከሚላችሁ በአንድ ደረጃ ጨምሩት፤ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ምሥረታው ዕለት እንመለስ። ያን ዕለት ማታ ሦስታችንም ካርዶቻችንን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ገለበጥን፤ ቦታ ስለጠበበ ወደ ውጭ ሃርድ ድራይቭ አዛወርነው፤ ካርዶቹንም ለሚቀጥለው ሥራ ባዶ አደረግን። ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ያ ሃርድ ድራይቭ በ2018 ከጠረጴዛ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እንጂ ሌላ ነገር አልሰጠንም። መረጃ እናወጣለን የሚል ቤት ወሰድነው፤ 1,400 ዶላር ጠየቀን። በጊዜው የአንዳችን መኪና ማርሽ ተበላሽቶ ስለነበር «ቆይ፣ በኋላ» አልን። በኋላ ስንሄድ ቤቱ ተዘግቷል፤ ዕቃችንም አብሮ ጠፍቷል።

መርጠን በኢንተርኔት ላይ ያስቀመጥናቸው ወደ 80 ፎቶዎች ነበሩ። ያስቀመጥንበት የነፃ ማስቀመጫ ደንቡን ለወጠና ክፍያ ጠየቀ፤ ማስጠንቀቂያውን የላከው ደግሞ መክፈት ወደ ተውነው አሮጌ የኢሜይል አድራሻ ነበር። ባወቅን ጊዜ ተሰርዘው ነበር። «በስልካችን ያነሣናችሁ አለን» ያላችሁን አባላት አመስግነን መጠየቅ ጀመርን። አብዛኞቻችሁ ከዚያ ወዲህ ሦስትና አራት ስልክ ለውጣችኋል። አንዷ እህታችን አሮጌ ስልኳን ከመሳቢያ አወጣች፤ ቻርጀሩ ተገኘ፣ ስልኩ ግን የይለፍ ቁጥሩን ጠየቀ። እስከ ዛሬም እየጠየቀ ነው። ሌሎቻችሁ በቡድን መልእክት የተላኩ ፎቶዎችን አገኛችሁልን። እነዚህ መልእክት ማመላለሻዎች ግን ፎቶውን ብዙ ጊዜ አሳንሰው ነው የሚልኩት። ርዝመቱ 1,600 ነጥብ ብቻ የሆነ ፎቶ፣ መጽሔት በሚታተምበት በኢንች 300 ነጥብ ስሌት ከ5 ኢንች ብዙም አያልፍም። ከተገኙት አብዛኞቹ የዚያን ሩብ እንኳን አይሆኑም ነበር። በስልክ ላይ ያምራሉ፤ በወረቀት ላይ ግን ሰው ከሰው አይለይም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ዜኒት ዝም ብለው ያዳምጡን ነበር። በመጨረሻ አንድ ማታ፣ በወረፋው ላይ፣ «እኔም እኮ በዚያን ቀን አንድ ፊልም አንስቼ ነበር» አሉን።

ሁላችንም ትዝ አለን። ትዝ ያለንም በኀፍረት ነው፤ በዚያን ቀን ስቀንባቸው ነበርና። እኛ በሴኮንድ አምስት ፎቶ ስናርከፈክፍ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ብርሃን ሲገምቱ፣ «ጋሽዬ፣ ሰዉ ሸበተ እኮ!» ብለን ቀልደን ነበር። ፊልሙን አሳጥበው፣ አንድ አንድ ቅጂ አሳትመው፣ ኔጋቲቩን ከነፖስታው በጫማ ካርቶን ውስጥ ከአልጋቸው ሥር አኑረውታል። ከ36ቱ 22ቱ ደኅና ወጥተዋል። ሌሎቹ ወይ ጠቁረዋል ወይ ተንቀጥቅጠዋል።

ከ22ቱ አንዱ ነው በዚህ መጽሔት ሽፋን ላይ የምታገኙት። የመጀመሪያው ሰብሳቢያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ በአንድ እጃቸው፣ የቡና ስኒ በሌላው ይዘው፣ ከወጣቶቹ ጋር ሲከራከሩ ይታያሉ። ያረፉ ጊዜ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ትልቅ ፎቶ ፈልገን፣ ስንቶቻችን ካሜራ የያዝን ሰዎች ሆነን ከመንጃ ፈቃዳቸው ላይ የተባዛ ድብዛዛ ምስል አቁመን ነበር። ወይዘሮ ባለቤታቸው ያኔ ምንም አላሉንም። በዚህ ወር ይህን ፎቶ አሳትመን ስንወስድላቸው ግን፣ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ይህ የት ነበር እስከ ዛሬ?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘንም፤ ይህን ንግግር የጻፍነውም ከዚያ ቤት እንደወጣን ነው።

የሌንሱን ጥርስ አስታውሱ ብለናችሁ ነበር። ከካነናችን ጋር የሚያገናኝ ርካሽ ቀለበት ገዝተን የጋሽ ዜኒትን ሄሊዮስ በዲጂታሉ ላይ አሰርነው። ሠራ። (በእኛ ኒከን ላይ ግን በቀለበቱ ውስጥ ተጨማሪ መስታወት ከሌለ የራቀውን ነገር አያጠራም፤ ስለዚህ የካነኑ ወገን በመጨረሻ ሳቀ።) በቅርቡ በስብሰባችን ላይ ካነሣናቸው የአረጋውያን ፎቶዎች ገሚሱ የተነሡት በዚያ ሌንስ ነው። ልጆቻችንም አሁን ጋሽ ዜኒትን ይከቧቸዋል። በዓለም ላይ በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ ተልኮ ነበር፤ በ2023 ከ10 ሚሊዮን በታች ወርዷል፤ ሁሉን ስልክ ወሰደው። ይሁንና ወጣቶቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው የፊልም ካሜራ ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ፔንታክስ እንኳን በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል። ጋሽ ዜኒት «ፋሽን ሆንኩ ማለት ነው» እያሉ ይስቃሉ። እኛ ግን ፊልም ከዲጂታል ይበልጣል ብለን ልንሰብክ አልመጣንም። የጋሽ ዜኒት ፎቶ የተረፈው በወረቀት ስለታተመና ካርቶኑ ስላልተጣለ ነው፤ የጫማ ካርቶኑ እሳት ወይም ውሃ ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ ሽፋን አይኖረንም ነበር።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ተመካክረን የሚከተለውን ጀምረናል። ከሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ስብሰባ ጀምሮ ከቡናው አጠገብ አንድ ጠረጴዛ እናቆማለን። ያላችሁን አልበም፣ ኔጋቲቭ፣ አሮጌ ስልክ ከነቻርጀሩ፣ የማይከፈት የመሰላችሁን ሲዲ ይዛችሁ ኑ፤ እዚያው ፊታችሁ ስካን አድርገን ወይም ገልብጠን ዕቃችሁን እንመልሳለን። ሁሉም በሦስት ቅጂ ይያዛል፤ ሁለቱ በተለያዩ ሰዎች ቤት በሃርድ ድራይቭ፣ አንዱ ማኅበሩ በሚከፍልበት የኢንተርኔት ማስቀመጫ። የማስቀመጫው ሒሳብ በማኅበሩ ስም ይሆናል፤ የይለፍ ቃሉም ከገንዘብ ያዡ መዝገብ ጋር በፖስታ ይታሸጋል። በየዓመቱ 50 ፎቶ እየመረጥን እናሳትማለን፤ ከጀርባው በእርሳስ ስም፣ ቦታና ቀን እንጽፍበታለን። ስም መጻፉን አደራ። እስክሪብቶ ግን አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። ለሰው ፎቶ ስትልኩልንም እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አያይዛችሁ ላኩ፤ ያን ጊዜ ሳያንስ ይደርሰናል።

የጠፋውን በተመለከተ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለሰብሳቢያችን ቤተሰብ በተለይ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። ከ22ቱ ፎቶዎች 21ዱ ላይ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ስማቸውን አውቀን ጽፈናል። በ7ኛው ፎቶ ላይ ግን በበሩ በኩል ቡና ያመላለሰ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰ፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ወጣት አለ። ወንበር ያሰለፈውና አዳራሹን የጠረገው እርሱ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ፤ ስሙን ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ፎቶው በመውጫው በር ላይ ተለጥፏል። ስትወጡ እዩትና የምታውቁት ከሆነ ከሥሩ በተንጠለጠለው እርሳስ ስሙን ጻፉልን።